የተቀቀለው ብሩሽ

ድንቅነሽ የድስቱን ክዳን ስታነሳ የባሏ የጢም ብሩሽ ፀጉር ውሃው ላይ ተበትኖ አገኘችው። እጀታው ራቁቱን ከታች፣ ከመላጫው ጎን ጋደም ብሏል። ማንኪያ አስገብታ ፀጉሩን ለመሰብሰብ ሞከረች። ከማንኪያው እየሸሸ የድስቱ ጠርዝ ላይ ተለጠፈ።

"እመቤቴ ማርያም" አለች ቀስ ብላ፣ ጓዳ የተኙት ባሏና ልጇ እንዳይሰሟት።

እንዲህ ይሆናል ብላ አልጠረጠረችም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ እስከዳር ቤት ለቤት እየዞረች ስታስተምር፣ ስለት አታዋሱ፣ አትዋሱ፣ ሰው የነካውንም ቀቅሉ ብላ ነበር። ድንቅነሽ ደግሞ የነገሯትን አትረሳም። ትናንት ማታ ባሏ ፀሐዩ ትራክተር ከሚነዳበት የኮኪት እርሻ ሰሊጥ በጫነ መኪና ላይ ተሳፍሮ መጣና እራት ላይ እየሳቀ፣ የእርሻው ትራክተር ነጂ ሁሉ በእሱ ዕቃ እንደሚላጭ አወራ። ምላጩን እያንዳንዱ የራሱን እንደሚያመጣ ቢነግራትም እንቅልፍ አልወሰዳትም። ያ ዕቃ ሲነጋ የልጇን ፊት ሊነካ ነው። ስለዚህ ጎህ ሳይቀድ ተነስታ መላጫውንም ብሩሹንም ድስት ውስጥ ከተተችና ከሰል ላይ ጣደችው።

ፀሐዩ ሌላ ዕቃው ቢሰበር ግድ አይሰጠውም። ብሩሹ ግን ሌላ ነገር ነበር። ቤት በሚሆንባቸው እሑዶች ከደጃቸው የኒም ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣል። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክሮ ጨምቆ ፊቱን ይሸፍናል፤ ከፎጣው ሥር ሲተነፍስ ይሰማል። ከዚያ ከሱዳን የሚመጣውን፣ ሰንደል እንጨት የሚሸተውን ክብ ሳሙና በብሩሹ እያዞረ ያሻል። አረፋው ወፍሮ ቀጥ ብሎ እስኪቆም አይቸኩልም። ሽታው አጥር ተሻግሮ ጎረቤት ይደርሳል። ሳምንቱን ሙሉ የሰሊጥ አቧራ ሲውጥ፣ አለቃ ሲጮህበት የሰነበተን ሰው በዚያች ሰዓት ማንም አያዘውም።

ልጃቸው ስሜነህ ጢሙ ማቆጥቆጥ የጀመረ ጊዜ፣ ክረምቱን ከእርሻው ያልተመለሰው ፀሐዩ በስልክ፣ "እስክመጣ ምላጭ እንዳታስነካው። የመጀመሪያውን እኔ ነኝ የማስተምርህ" ብሎት ነበር። ልጁም ጓደኞቹ እያሾፉበት ክረምቱን ሙሉ አልነካውም። አሁን ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ዛሬ ጠዋት ወደ ጎንደር ይሄዳል። ፀሐዩም አጨዳው ስላላለቀ የተሰጠው ፈቃድ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው። ይህች ጠዋት ካመለጠች አባትና ልጅ ደግመው የሚገናኙት መቼ እንደሆነ አይታወቅም። የመጀመሪያዋን ሚኒባስ ያስያዘችውም ድንቅነሽ ናት፤ ልጇ መንገድ ላይ እንዳይመሽበት ፈርታ።

እጀታውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ወደ ኸሊፋ ሮጠች። ኸሊፋ ከድንበሩ ድልድይ ማዶ፣ ከሱዳኗ ገላባት መጥተው መተማ የከተሙ ሽማግሌ ፀጉር አስተካካይ ናቸው። ፀሐዩን መላጨት ያስተማሩት፣ ብሩሹንም ያስመጡለት እሳቸው ናቸው። የሱቃቸውን ደጅ ውሃ ሲረጩ ደረሰች።

"ብሩሽ ይኖርዎታል? የሚሸጥ?"

"ያንቺ ሰውዬ ብሩሽ ምን ሆነ?"

"ቀቀልኩት።"

ኸሊፋ እጀታውን ተቀብለው አገላበጡት። "ሥጋ ተወደደ እንዴ?" አሉ።

ድንቅነሽ አልሳቀችም። ዓይኗ እንባ ማቅረሩን ሲያዩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "መዓለሽ፣ መዓለሽ" አሏት፤ አይዞሽ ማለታቸው ነው። ፀጉሩ በሙጫ እንደተያዘና ሙጫውን የፈላ ውሃ እንደሚያላቅቀው አስረዷት። አዲስ ብሩሽ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ ከተማ እስኪመጣ ቀናት ይፈጃል። የራሳቸውን ብሩሽ ግን አንስተው ውሰጂ አሏት። ድንቅነሽ ብሩሹን አየችው። ስንት ፊት እንደዞረ ታያትና እጇን ሳትዘረጋ ቀረች።

ኸሊፋ ገባቸው፤ አልተቀየሙም። "ባልሽ መጀመሪያ እኔ ዘንድ ሲመጣ ብሩሽ የሚባል አልነበረኝም። በመዳፌ ነው አረፋውን የሠራሁለት። ውሃ አታብዢ፣ አትቸኩዪ። ጊዜ ይወስዳል እንጂ ይሆናል" አሏት።

ስትመለስ ፀሐዩ ከኒሙ ሥር ተቀምጧል። ፎጣው፣ መስታወቱና የሙቅ ውሃ ጣሳው ተደርድረዋል። ስሜነህ ሸሚዙን አውልቆ ከፊቱ ቆሟል። ድስቱም እዚያው መሬት ላይ ነበር፤ ክዳኑ ተከፍቷል።

"ድንቅነሽ" አለ ፀሐዩ። ሌላ ጊዜ ድንቄ ነው የሚላት። "ይሄ የምን ፀጉር ነው?"

"የብሩሽህ ነው። ለልጁ ብዬ፣ ከበሽታ ላጸዳው ብዬ ቀቀልኩት። ብሩሽ እንደማይቀቀል አላወቅሁም።"

ፀሐዩ ጎንበስ ብሎ ድስቱን አየ። ስሜነህ ሊያመልጠው የነበረውን ሳቅ በፎጣ አፍኖ የአባቱን ፊት ሲያይ ሳቁ ጠፋ። ለሁለቱም ሊያቀልላቸው ፈልጎ፣ "ግድ የለም አባዬ፣ ጎንደር ስደርስ በማሽን እላጨዋለሁ" አለ።

"በማሽን" አለ ፀሐዩ። መስታወቱን አነሳና ፎጣ ውስጥ መጠቅለል ጀመረ።

ድንቅነሽ መስታወቱን ከእጁ ተቀብላ መልሳ አቆመችው። ኸሊፋ ያሏትን ነገረችው። ፀሐዩ መዳፉን ዘርግቶ አየ። የትራክተር መሪ ያደደረው፣ ስንጥቃቱ ውስጥ ግራሶ የቀረበት መዳፍ ነው።

"በዚህ እጅ? የልጁን ቆዳ ልገሸልጠው ነው?"

"በእኔ እጅ" አለች ድንቅነሽ።

እጇን ታጥባ ሳሙናውን በመዳፏ ማሸት ጀመረች። መጀመሪያ ውሃ በዛና በጣቶቿ መካከል ፈሰሰ። ፀሐዩ አላስችል ብሎት ተጠግቶ ውሃውን እየቆጠበ ጠብ ጠብ ያደርግላት ጀመር። ቆይቶ አረፋው ወፈረ፤ የሰንደሉም ሽታ ተነሳ። መዳፏን የልጇ ጉንጭ ላይ አሳረፈች። ፊቱን አጥባለት ካበቃች ስንት ዘመን ሆኗል። ከአረፋው ሥር ጢሙ መዳፏን ቆረቆራት።

"ይሄ ሁሉ መቼ በቀለ?" አለች።

"አንቺ ስለ ወባ ስትጨነቂ" አለ ስሜነህ፣ ዓይኑን እንደጨፈነ።

ፀሐዩ ሳቀ። በርጩማውን ለልጁ ለቅቆ አዲስ ምላጭ ከነወረቀቱ አውጥቶ ዓይኗ ሥር አቀረበላት። "እይው እንግዲህ ድንቄ፤ እኔም አልነካሁትም" አለና መላጫው ላይ አጠበቀው። የልጁን አገጭ በሁለት ጣቱ ቀና አድርጎ መላጫውን ከጆሮው ሥር ወደ ታች ሳበው። አረፋው ተገፎ ለስላሳ ቆዳ ወጣ። ድንቅነሽ ፊቷን ልታዞር ነበር፤ ዓይኗ እምቢ አላት።

"አትጫነው። የመላጫው ክብደት ብቻውን ይበቃል" አለው ፀሐዩ። "ፀጉሩ በተኛበት በኩል ሂድ። ደርሶ የሚያባርርህ የለም።"

አንዱን ጉንጭ ሲጨርስ መላጫውን አለቅልቆ ለልጁ ሰጠውና መስታወቱን ያዘለት። ስሜነህ ትንሽ ላጭቶ ቆመ፤ አባቱን አየ፤ አባቱ ራሱን ሲነቀንቅለት ቀጠለ። ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አንድ መስታወት ውስጥ ይተያያሉ። ሁለቱም ሳይታወቃቸው ከንፈራቸውን በአንድ ዓይነት አጣመዋል።

ጥሩምባ ተነፋ። ሚኒባሷ ደጅ ቆማ ነበር።

ስሜነህ ግማሽ ፊቱ አረፋ እንደሆነ ከበርጩማው ብድግ አለ። ፀሐዩም መስታወቱን ዝቅ አደረገ። ድንቅነሽ ግን ቀድማቸው፣ እስከ ክንዷ ሳሙና እንደሆነች ወደ በሩ ሄደች።

"እናት፣ ልጁ የታለ?" አላት ረዳቱ። "እንዳትዘገዩ ብለው ትናንት ሲጨቀጭቁን አልነበር?"

"ቦታውን ለሌላ ሰው ስጡት።"

"ቀጣዩ መኪና እኮ ጎንደር የሚገባው መሽቶ ነው።"

ድንቅነሽ መንገዱን አየች። ከኋላዋ ፀሐዩ ለልጁ ስለ አገጭ ጉድጓድ ዝግ ብሎ ማስረዳት ጀምሯል።

"አውቃለሁ። ሂዱ፣ በሰላም ግቡ" አለችና የቆርቆሮውን በር ዘጋችው። ስትመለስ የስሜነህ ጉንጭ ላይ የቀረው አረፋ ደርቆ ነበር። ሳሙናውን አነሳች።