ጋሽ ቢላዋ የቀደዷቸው ጎማዎች

የእህቴ ባል የሞተው መኪና እየነዳ ጎማ ፈንድቶበት ነው። ጎማውን የገዛው በየከተማው ቅርንጫፍ ካለው ትልቅ መደብር ነበር። ያረጀውን ጎማ ቀለም ቀብተው እንደ አዲስ ይሸጣሉ። ሰፈር ውስጥ ጎሚስታ እያለ ለምን እዚያ ሄደ ቢሉ፣ ሰው ከረባት ያምናል።

እህቴ ስትከስ መደብሩ «ሰክሮ ነው የነዳው» አለ። ሟች መጠጥ በአፉ አይዞርም ነበር። ልጆቹን ግን ትምህርት ቤት «የሰካራም ልጆች» ይሏቸው ጀመር። የፈነዳው ጎማ ብጥስጥሱ ወጥቷል፤ የሟችን ስም የሚያጠሩለት አብረው የተገዙት ሦስቱ ብቻ ነበሩ።

እህቴ እነሱን አስፈትታ ለሰፈራችን ጎሚስታ «እስቲ ይዩልኝ» ብላ ሰጠች። ቃላቸው ለሐዘኗ እንዳያዳላ ስለ ክሱ ምንም አልነገረቻቸውም። ጎሚስታውን ሰፈሩ ጋሽ ቢላዋ ይላቸዋል። የማይረባ ጎማ እጃቸው ከገባ ጎኑን ሳይቀድዱ አይለቁም፤ ከቆሻሻ ላይ አንስቶ የሚገጥም አይጠፋማ።

ከእህቴ ጋር ልንወስዳቸው ስንመለስ ሦስቱም ተቀደዋል።

«ውስጣቸው በስብሷል፣ ልጄ» አሉ። «ከእንግዲህ ማንንም አይገድሉም።»

«የገደሉትንም አይመሰክሩም» አልኳቸው። ደሜ ፈልቷል። «ቢላዋ ከመምዘዝ በፊት አይጠየቅም?»

ክሱን ስነግራቸው ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«ሲመጡልኝም ተቀደው ነበር ይበሉ» አልኳቸው።

«እሱን አልልም።»

«ለሟች ሲሉ።»

«ለሟች አልቅስ ካልከኝ አለቅሳለሁ። አልዋሽም።»

«እንባዎትን ምን ልናደርገው ነው?»

ችሎት ላይ የመደብሩ ጠበቃ ማን እንደቀደዳቸው ጠየቀ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ቢላዋ።

«እርስዎም ጎማ ይሸጣሉ አይደል?»

«እሸጣለሁ።»

ጠበቃው ፈገግ ብሎ ተቀመጠ። ዳኛው ተፎካካሪ በቢላዋ የቀደደው ጎማ ማስረጃ አይሆንም ብለው መዝገቡን ዘጉ። ሟች ሰካራም ሆኖ ቀረ፤ መደብሩም በነጋታው እንደ ልማዱ በሩን ከፈተ።

መኪናው ተጠግኖ ሲወጣ እህቴ ጎማ ከጋሽ ቢላዋ እንደምትገዛ ነገረችኝ።

«አብደሻል እንዴ፣ እትዬ? ጉድ የሠሩሽ እኮ እሳቸው ናቸው።»

«ናቸው። ዓይናቸውን ማየት አልፈልግም» አለች። «ግን ልጆቼን የምጭንበት ነው። ለእኔ ሲሉ እንኳ ያልዋሹ፣ ለጎማ ብለው አይዋሹም።»

እሳቸው እስኪገጥሙ ፊቷን ወደ መንገዱ አዙራ ቆመች። ሲጨርሱ እያንዳንዱን ጎማ በእጇ ጫን ጫን አድርጋ አየች፤ ሒሳቧን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ፣ ደህና ይዋሉ ሳትላቸው ሞተሩን አስነሣች።