ኢልከደሀብ

መክሊት ደገሀቡር መንገድ ላይ ካለችው መንደር ስትደርስ ባዶው ጀሪካን ተሰልፎ ጠበቃት። የጉድጓዱ ፓምፕ ከቆመ ሁለት ቀኑ ነው። ያቆመችው ደግሞ ራሷ ናት፤ ይህን ለሹፌሩ እንኳ አልተነፈሰችም።

ጅጅጋ ቢሮዋ ቁጭ ብላ ፓምፑን የሚያዝዘውን ካርድ ፕሮግራም አሳምራ አደሰችና በኔትወርክ ላከችው። ፓምፑም ጭጭ አለ።

የፓምፑን ቤት ቁልፍ የያዙትን ዘበኛ፣ ዐብዲናስርን ፈልጊ ተብላለች። ሻይ ቤቱን ሁሉ ብትጠይቅ የሚያውቃቸው ጠፋ። በመጨረሻ አንዲት ወተት ሻጭ፣ "የፓምፑ? እሱማ ኢልከደሀብ ነው፣ ወርቅ ጥርሱ!" ብላ ሳቀችባት።

ዘበኛው ፈገግ ሲሉ ግን ወርቅ ቀርቶ የፊት ጥርስ የላቸውም።

"አዴር፣ ወርቁስ?" አለች፣ በሶማልኛ አጎቴ ብላ።

"ከወለቀ ሃያ ዓመቱ። ስሙ ግን አልወለቀም" አሉ። "ዐብዲናስር መታወቂያዬ ላይ ነው ያለው። በዚያ ስም ብትጠሪኝ ሌላ ሰው የጠራሽ ነው የሚመስለኝ፤ ዞር ብዬም አላይሽ።"

መክሊት ክው አለች። ወይ እኔ!

እያንዳንዱ ካርድ ከሱ ጋር የተገናኙትን ዕቃዎች በስም የሚዘረዝር ፋይል በሆዱ ይይዛል፤ ባለሙያዎቹ ዲቫይስ ትሪ ይሉታል። የዚህኛው ካርድ የውሃ መለኪያ እዚያ ላይ የተመዘገበው በድሮ የፋብሪካ ስሙ ነበር። እሷ ደግሞ፣ ፋብሪካው የመለኪያውን ስም ከቀየረ ቆየ ብላ፣ ያረጀውን ስም ከፕሮግራሙ ጠርጋ አዲሱን ብቻ ትታለች። ፕሮግራሙ በአዲስ ስም ይጣራል፤ ካርዱ የሚያውቀው አሮጌውን ነው። ማን አቤት ይበል? መለኪያው አቤት ካላለው ደግሞ ፕሮግራሙ ፓምፑን አያስነሣም።

ላፕቶፗን ጭኗ ላይ ዘርግታ ከአዲሱ ስም ሥር አሮጌውን መልሳ ጻፈችው። አንድ መስመር ናት። ከዚያም ካርዱ ላይ ጫነችው፤ ይህ ካልሠራ ሌላ የምታውቀው መላ አልነበራትም።

ፓምፑ አጓርቶ ተነሣ። ውሃው ቧንቧውን እያንኳኳ መጣ፤ ሴቶቹ እልልታውን አቀለጡት።

"እኔ ነኝ ያቆምኩት፣ አዴር" አለች፣ አላስችል ብሏት። "ስሙን ሰርዤበት።"

ኢልከደሀብ ድዳቸው እስኪታይ ሳቁ። "እንኳንም የኔን አልሰረዝሽ!"

ላፕቶፑን ከመዝጋቷ በፊት ከአሮጌው ስም ጎን፣ ከሷ በኋላ ለሚመጣ ባለሙያ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "እንዳይሰረዝ። ጥርሱ ቢወልቅም ሰውየው አለ።"