ገንፎ ማማሰያው

ራውኖ ከሱቅ የተገዛ ጠመንጃ ባየ ቁጥር ከንፈሩን ያጣምማል። የእሱን ጠመንጃ በኦውሉ ከተማ የታወቀ ጠመንጃ ሠሪ ሁለት ዓመት ሙሉ በእጁ ሠርቶለታል። ጡረተኛዋ አዋላጅ ሲርካ አዲሱን የፋብሪካ ጠመንጃዋን ይዛ ወደ ተኩስ ክበቡ ስትመጣ ሳቀባት።

«እትዬ ሲርካ፣ ይሄ እኮ ገንፎ ማማሰያ ነው!»

«እንግዲያው አማስልበታ!» ብላ ሰጠችው።

ራውኖ ጉድለቱን ሊያሳያት በደረቱ ተኛና ሦስት መቶ ሜትር ላይ ወዳለው ዒላማ አምስት ጥይት ተኮሰ። ሄደው ሲያዩት አምስቱንም ቀዳዳ አንድ የክብሪት ቀፎ ይሸፍናቸዋል። በሃያ ዓመት የተኩስ ዘመኑ እንዲህ መትቶ አያውቅም።

«ነፋሱ ረድቶኝ ነው» አለ ፊቱ ቀልቶ።

ሲርካ ከእግሩ እስከ ራሱ ገረመመችው። «ምነው ታዲያ ያንተን ጠመንጃ ሁለት ዓመት ሲሠሩልህ ነፋሱን ረሱት?»

ራውኖ የራሱን ጠመንጃ ከሳጥኑ ሳያወጣ ወደ ቤቱ ሄደ።