ቀኟ ግራ የሆነች ጨረቃ

ተማም ነጋዴ አያምንም። ባለሱቁ ዙሀይር ትልቁን ትቶ «ለጀማሪ ይሄ ይሻላል» እያለ ትንሹን ባለሌንስ ቴሌስኮፕ ሲያነሳለት፣ «አልሸጥ ያለውን ሊያራግፍብኝ ነው» ብሎ ጠረጠረ። ግን የረመዳን ጨረቃ የምትጠበቅበት ቀን ደርሶ ነበርና እያጉረመረመ ገዛው።

በሚኖርበት በሆፕኪንስ ከተማ፣ ጓሮው ውስጥ፣ ፀሐይ እንደገባች አነጣጠረ። አዲስ ጨረቃ በቀኝ በኩል ነው የምትበራው፤ ይቺ ግን እንደ አሮጌ ጨረቃ በግራ! ወዲያው ዙሀይር ጋ ደወለ።

«ያለፈውን ወር ጨረቃ ነው የሸጥክልኝ!»

«ዓይንህን የምታስጠጋበት ጋ ያለው መስታወት ነው ወንድሜ፣ ቀኙን ግራ ያደርጋል።»

«ምክንያት አታብዛ!»

ሚስቱ ከድሪያ አጠገቡ ቆማ ቀና አለች። «እኔ በባዶ ዓይኔ አየኋት፤ ነገ ጾም ነው» አለች። «አንተ ሰውዬ፣ ሰው መጠርጠርህ አልበቃ ብሎህ ጨረቃ ጀመርክ?»