የአባቴ ቁልፍና ማብቂያ የሌለው ገጽ

የቶርኖ ሠራተኞችን መድረክ የሠራሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ላይ ነው። ማንም አላስተማረኝም። ይህን የምናገረው እንዲደነቅልኝ ነው፤ ትሕትና ለተማሩ ሰዎች ያምርባቸዋል፣ እኔ አቅሙ የለኝም።

የሠራሁት ለአባቴ ብዬ ነበር። አባቴ ቶርኖ ላይ አርባ ዓመት የቆመ ሰው ነው። ከቤታችን ጀርባ ባለች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ብረት በሚሽከረከር መንጋጋ አስነክሶ፣ በስለት እየላጠ ቅርጽ ያወጣለታል። ከብቸኝነቱ በቀር በሥራው አማሮ አያውቅም። «ሲቸግረኝ የምጠይቀው ማሽኑን ነው፤ እሱ ደግሞ ኩሩ ነው፣ አይመልስም» ይላል። እኔም እንደ እሱ በየሰፈሩ ብቻቸውን ከማሽን ጋር የሚያወሩትን ፈላልጌ አንድ ገጽ ላይ ሰበሰብኳቸው።

ገጹ ሲያዩት ያስጠላ ነበር። ነጭ መደብ፣ ጥቁር ጽሑፍ፣ በቃ። ሃያ መልእክት ይይዛል፤ ከሃያኛው ሥር «የዛሬው እዚህ ላይ አበቃ» የምትል አንዲት መስመር አለች። ደወል የለው፣ ልብ የለው፣ ማንን ስንት ሰው እንደወደደው የሚቆጥር ነገር የለው። አስቤበት አይደለም፤ ከዚያ በላይ መሥራት ስለማልችል ነው። አባቴ ከምሳ በኋላ መነጽሩን አፍንጫው ጫፍ ላይ ሰክቶ ይከፍተዋል። «ጊዛ ብረት ስቆርጥ ስለቴ ለምን ይሸረፍብኛል?» ያለ ሰው ካገኘ፣ በአንድ ጣቱ እየለቀመ «ፍጥነቱን ቀንሰው ወንድሜ» ብሎ ይጽፍለታል። ከታች ያለችው መስመር ላይ ሲደርስ «አበቃ አለች» ይልና ስልኩን ኪሱ ከትቶ ይነሳል። አሥር ደቂቃ። ዘይት ከጻፈ ደግሞ አሥራ ሁለት። ዘይት የአንድ አዛውንት የመድረክ ስም ነው፤ ስሙ ይህ ይሁን እንጂ ሰውየው የነካውን ሁሉ የሚያንቋቋ ነገረኛ ነው። አባቴ በጣም ይወደዋል።

ከሦስት ዓመት በኋላ አንድ ድርጅት መድረኩን ከነእኔ ወሰደው። ቢሮው ውስጥ ያለ አለቃው ስድስት ነን፤ አምስቱ ተመርቀው የመጡ ናቸው። ሥራ አስኪያጁ «አንተ በሉኝ» እያለ የሚለምን ወጣት ነው፤ ልመናውን የሰማሁለት እኔ ብቻ ነኝ፣ እሱም አልወደደልኝም።

በመጀመሪያው ወር ሰበሰበንና ግድግዳው ላይ ግራፍ አበራ።

«ሰዎቹ አሥር ደቂቃ ቆይተው ይሄዳሉ። ለምንድነው የሚሄዱት?»

«መልሳቸውን ስለሚያገኙ ነዋ» አልኩ።

«እሱ ነው ችግሩ» አለ።

አምስቱም ጎንበስ ብለው ጻፉ። የመመረቂያ ጽሑፏን በዚሁ ጉዳይ ላይ የሠራችው ልጅ ተነሳችና ስለ ሰው ልጅ ጠባይ ሃያ ደቂቃ አብራራች። ስትጨርስ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ የገባው ግን አልነበረም። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው ቀስ ብላ፣ «ለአንቺ ትንሽ ከበድ ሊል ይችላል» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። አፌን ዘግቼ ብቀመጥ ኖሮ ይህ ታሪክ አይኖርም ነበር።

«ሦስት ነገር ነው» አልኩ። «አንደኛ፣ መጨረሻውን አንሱት። ‘አበቃ’ የምትለውን መስመር የሚያያት ሰው ቤቱ ትዝ ይለዋል። ሁለተኛ፣ ሲከፍተው ቶሎ አታሳዩት፤ አንዲት ክብ ትንሽ ትዙርበት፣ ምን እንደሚመጣ ካላወቀ ይጠብቃል። ሦስተኛ፣ እሱ ከሄደ ወዲህ ስንት ሰው እንደተናገረ በቀይ ጻፉለት፣ ደወልም ደውሉለት። ሰው ምሳ ቢያልፈው ይችላል፤ በሌለበት ሲወራ ግን አይችልም።»

ተጨበጨበልኝ። ሦስቱንም በአራት ቀን ሠርቼ ጨረስኩ። የተመራቂዋ አፍ ተከፍቶ ቀረ። ያን ቀን ወደ ቤት ስሄድ እግሬ መሬት መንካቱን እንጃ።

በየሰዓቱ የሚታደስ ቁጥር ነበረን፤ አንድ ሰው በአማካይ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የሚናገር። አሥር የነበረው ሃያ ስድስት ሆነ። ከዚያ አርባ ሰባት። አውቶቡስ ውስጥ አየዋለሁ፣ ሰልፍ ላይ አየዋለሁ፣ ሰው እያዋራኝ በጠረጴዛ ሥር አየዋለሁ። ሌሎቹ ገጹ ላይ ተጣበቁ፣ እኔ ቁጥሩ ላይ። ሰባ ደቂቃ የገባ ዕለት የአባቴን ለብቻ አወጣሁት። በቀን ሦስት ሰዓት ከሩብ።

ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም። እናቴ ማማረር ከጀመረች ሰንብታ ነበር። «ሁለተኛ ሚስት አገባብኝ እኮ» ትላለች። «ደግሞ ቀናተኛ ናት፣ ከኪሱ አትወርድም።»

«ስሟ ዘይት ነው፤ ጢምም አላት» ይላል አባቴ፣ ዓይኑን ሳያነሳ።

«አንድ ነገር ጠይቄው እስኪመልስልኝ፣ ያቺ የምትዞረዋ ክብ ግንባሩ ላይ ትታየኛለች።»

እስቃለሁ። ክቧን ማን እንዳስገባት አልነገርኳትም።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ ምሳውን ይዤለት ቆርቆሮዋ ክፍል ገባሁ። እዚህ ላይ ስለ ቁልፉ መናገር አለብኝ። የቶርኖው መንጋጋ የሚጠብቀውና የሚላላው በእጅ በሚዞር፣ ጫፉ አራት ማዕዘን በሆነ ከባድ የብረት ቁልፍ ነው። ያ ቁልፍ መንጋጋው ላይ ተረስቶ ማሽኑ ከተነሳ፣ ወዴት እንደሚወረወር የሚያውቅ የለም። ስለዚህ አባቴ ገና በስድስት ዓመቴ ያስተማረኝ አንድ ሕግ አለ፤ ፊደል ሳልለይ ያወቅሁት። እጅ ከቁልፉ የሚለየው ቁልፉ ከመንጋጋው ሲለይ ነው። ቁልፉን ነቅሎ ግድግዳው ላይ ያለው ምስማር ላይ ሳይሰቅል ሲያስነጥሰው እንኳ አፍንጫውን አይነካም፤ እዚያው እንደያዘ ነው የሚያስነጥሰው።

አንድ የነሐስ ቁራጭ አስነክሶ እያጠበቀ ነበር። ስልኩ ደወለ። እጁ ከቁልፉ ላይ ተነሳ። አየሁት፤ አርባ ዓመት ያልተነሳ እጅ ተነሳ። አነበበ፣ በአፍንጫው ሳቀ፣ በአንድ ጣቱ ለቃቅሞ መለሰ፣ ስልኩን አስቀመጠና ማሽኑን አበራ።

ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ቁልፉ በጆሮው ሥር አለፈ። ከኋላው ያለው ቆርቆሮ ጓ አለ።

አባቴ ማሽኑን አጠፋው። እየቀዘቀዘ፣ እየቀዘቀዘ ቆመ። ቆርቆሮው ላይ መዳፍ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተከፍቶ ብርሃን ገባ፤ ብርሃኑ አባቴ ትከሻ ላይ አረፈ።

«ምሳ ነው?» አለኝ።

«ምሳ ነው።»

ወጥቶ ቁልፉን ከጓሮ ፈልጎ መጣ። በሸሚዙ ጠርጎ ምስማሩ ላይ ሊሰቅል ሲሞክር ሁለት ጊዜ ሳተው። ሦስተኛው ላይ ያዘለት። ይሄኔ ስልኩ እንደገና ደወለ። ሁለታችንም አየነው። አነሳው።

«ዘይት ነው» አለኝ፣ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው።

ሰኞ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባሁ። «ያቺን መስመር ልመልሳት» አልኩት።

«የትኛዋን?»

«‘አበቃ’ የምትለውን።»

«ያንቺ ሐሳብ እኮ ነው። በሄድኩበት ስብሰባ ሁሉ ስምሽን እጠራለሁ።»

የቁልፉን ነገር ነገርኩት። ፊቱ ከልቡ ደነገጠ። «አባትሽ ደህና ናቸው?»

«ደህና ነው።»

«እግዜር ይመስገን። በቃ ደወሉን ለእሳቸው አጥፊላቸው» አለና፣ ዓይኑ ሳያውቀው ወደ ግራፉ ተመለሰ። ክፉ ሰው ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ልልቀቅ ብዬ አሰብኩ፤ ግን ብለቅ እኔ ነኝ የምወጣው እንጂ ገጹ አይወጣም። የሠራሁት ነገር እኔን የማይፈልግ ሆኖ ነው የተሠራው፤ ጎበዝ ስለሆንኩ።

የዚያን ዕለት ለማንም ሳልነግር የአባቴን ገጽ ብቻ ለይቼ ወደ ጥንቱ መለስኩት። ነጭና ጥቁር። ሃያ መልእክት፣ በቀን አንዴ፣ ከምሳ በኋላ። ደወል የለም። ከሥር ያቺው መስመር።

ዘጠኝ ቀን ሰላም ሆነ። ከጓሮ የማሽኑ ድምፅ እንደ ድሮው ሳይቆራረጥ መምጣት ጀመረ። እናቴ «ፈታት መሰለኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። እኔም ኮራሁ፤ መኩራት መቼ ይገደኛል።

በአሥረኛው ቀን አባቴ ክፍሌ መጥቶ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ስልኩን በሁለት እጁ ይዞታል።

«አንቺ፣ ሰዎቹ ተቀየሙኝ መሰለኝ።»

«የቶቹ ሰዎች?»

«ሁሉም። ዘይትም ጭምር። ስጽፍ የሚመልስልኝ የለም። ጥያቄ አይቼ መልስ ስሰጥ፣ ሰውየው ለካ ትናንት ጨርሶ ሄዷል። ተሳስቀው ካበቁ በኋላ ነው ቀልዱ እኔ ጋ የሚደርሰው።» መነጽሩን አወለቀ። «ምን አጥፍቼ ይሆን? ሰው ነው ያስቀየምኩት?»

ምላሴ ለሁሉም ሰው የተሳለ ነው፤ አባቴ ፊት ግን ይዶለዱማል። ነገርኩት። የዘጠኙን ቀንም፣ ከዚያ በፊት ያለውንም፤ ሦስቱም ነገር የእኔ እንደነበረ፣ ያጨበጨቡልኝንም ጭምር። የታመመ ማሽን እንደሚያዳምጥ አንገቱን ሰበር አድርጎ ሰማኝ።

«ያቺን ‘አበቃ’ የምትለዋን ያወጣሻት አንቺ ነሽ።»

«እኔ ነኝ።»

«ለእኔ ለብቻዬ የመለስሽልኝም አንቺው።»

«እኔው።»

«ለሁሉም መልሺያት።»

«አይፈቅዱልኝም አባዬ።»

«እንግዲያው እኔን ወደ እነሱ መልሺኝ።»

«በጆሮህ ሥር እኮ ነው ያለፈው።»

«ጆሮው የእኔ ነው፤ ማለፉን ሰምቷል።» ስልኩን አልጋው ላይ አኖረው። «ስሚኝ ልጄ። አርባ ዓመት ለብቻዬ ቆምኩ። አሁን እዚያ ሰው አለ። ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ እየተንጫጫ እኔን ብቻ ሜዳ ላይ አውጥተሽ ‘ጸጥታው ደስ አይልም?’ ትይኛለሽ? ማን ፈቀደልሽ?»

ስልኩን ከአልጋው ላይ አነሳሁት።

እሱ እያየኝ ገጹን እንደ ሌሎቹ መለስኩለት፤ አንድ ደቂቃ አልፈጀም። ክቧ ዞረች። በቀይ «እርስዎ ከሄዱ ወዲህ 312» አለች። አባቴ ገና ሳያነበው ፊቱ በራ፣ ያ ፊት አንጀቴን በላው። ወጥቶ ሲሄድ በኮሪደሩ ውስጥ «አለሁ፣ አልሞትኩም» ብሎ ለዘይት ሲጽፍ፣ እየጻፈ ሲያነበው ሰማሁት።

ከዚያ ሁለት ቀን በሩን ዘግቶ ሠራ። በሦስተኛው ቀን ጠራኝ። ጠረጴዛው ላይ ስልክ የሚይዝ አንድ ወፍራም የብረት ቱቦ አቁሟል፤ ተልጦ፣ ተወልውሎ ፊት ያሳያል። ክዳኑ መሐል አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለው። የመንጋጋውን ቁልፍ ከምስማሩ አውርዶ ቀዳዳው ውስጥ ሰክቶ አዞረ፣ ክዳኑ ተነሳ። ስልኩ ውስጥ ነበር።

«ክዳኑ ክፍት እስከሆነ ቁልፉን አይለቅም» አለኝ። «ስልኩ እጄ ላይ ከሆነ ቁልፉ እዚህ ነው። ቁልፉ መንጋጋው ላይ ከሆነ ስልኩ ታስሯል። እኔ እረሳለሁ፤ ብረቱ አይረሳም።»

«ስልኩን አውጥተህ ባዶውን ብትዘጋውስ?» አልኩት። ሙያዬ ነው፣ ማምለጫ እፈልጋለሁ።

«ሐሳብ ልትሰጪኝ ነው የመጣሽው?»

ከጠረጴዛው ሥር ሁለተኛ ቱቦ አወጣና ገና ካልተገጠመ ክዳኑ ጋር አስታቀፈኝ። ከባድ ነው። «ይሄ ያንቺ» አለ።

«ቁልፉስ?»

«ቁልፉ አንድ ነው። እዚህ ነው ያለው» አለና በአገጩ ምስማሩን አሳየኝ።

«አባዬ፣ ሥራዬ እኮ ስልኩ ውስጥ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ።

ቱቦውን ቢሮ ወስጄ ጠረጴዛዬ ላይ አቆምኩት፣ ክዳኑን ኪሴ ከተትኩት። ሥራ አስኪያጁ አንኳኳውና «ያምራል፤ ምንድነው?» አለኝ። «የእስክሪብቶ ማስቀመጫ» አልኩ፤ እስክሪብቶም ጨመርኩበት።

ከሰዓት ተሰበሰብን። ግራፉ ቀና ብሎ ሄዶ እኩለ ቀን ላይ ይሰበራል። «ምሳ ሰዓት ላይ ይሄዱብናል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «እንዴት እናቆያቸው?» አምስቱም ወደ እኔ ዞሩ።

ሳልቀመጥ ሁለት ሐሳብ መጥቶልኝ ነበር። አንደኛው የሚሠራ፣ ሁለተኛው በጣም የሚሠራ። ኪሴ ውስጥ ጣቴን አራት ማዕዘኑ ቀዳዳ ውስጥ ከትቼ ያዝኩት።

«አንቺስ?» አለኝ።

«አላውቅም» አልኩ።

ይህን ቃል ከሰው ፊት ተናግሬው አላውቅም ነበር። የመመረቂያ ጽሑፍ ያላት ልጅ ፈገግ አለችና ማስታወሻዋን ገለጠች። ማብራራት ጀመረች፤ የሚሠራ ነገር አልነበረም፣ ስህተቱ የት እንዳለም አይቻለሁ። ጥርሴን ነክሼ ሰማኋት።

በጠረጴዛው ሥር ስልኬ ነዘረ። ቁጥሩ ታድሷል ማለት ነው። አላየሁትም ብል ውሸቴን ነው።