እጀ ጣፋጭ

«ዞር በይ ከፊቴ!»

ወንድሟ የማዮኔዙን ብልቃጥ ግድግዳው ላይ ሲያፈነዳው ስብርባሪው እግሯ ሥር ድረስ መጣ። እሷ ግን ከፍሪጁ ፊት ንቅንቅ አላለችም። ሳሎን የተቀመጡት ለቀስተኞች አንገታቸውን ወደ ወጥ ቤቱ አሰገጉ፤ አንድ ሰው ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ሻዩን ፉት ይላል።

ነገሩን የቆሰቆሰችው ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ናት። ክፋት አስባ አይደለም። አባታቸው ካረፈ አራተኛ ቀኑ ነውና ወሬም እያለቀ ነበር። «የሱ የዶሮ ሰላጣ እኮ ጣት ያስቆረጥማል! እጀ ጣፋጭ ነበር፣ ነፍሱን ይማረው» አለች።

«ስለ ጣት እኔን ጠይቂኝ» አላት ወንድሟ። ሁለት ቆልማማ ጣቶቹን አሳያትና ተነስቶ ወጥ ቤት ገባ።

አባትየው ቤቱ ደጃፍ ላይ ሳንድዊች ይሸጥ ነበር። ሰላጣው ሕግ ነበረው። የተቀቀለውን ዶሮ ቢላ አያስነካውም፤ በጣቱ ይበጣጥሰዋል። በደንብ ሳይቀዘቅዝ ማዮኔዝ አይጨምርበትም። ከዚያ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ። በሁለት የፕላስቲክ ዕቃ ከፍሎ ይከድነውና ክዳኑ ላይ ፕላስተር ለጥፎ ቀኑን ይጽፋል፤ ከፍሪጁ በር አርቆ ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ሦስት ቀን ይቆያል። በአራተኛው፣ ማንም ቢለምነው ይደፋዋል። ሲሠራ ያፏጫል። ልጅቷ ያንን ፉጨት ትወደው ነበር፤ እያፏጨ ማንንም መትቶ አያውቅም።

ያን ቀን ግን አላፏጨም። ወንድሟ ያኔ ሃያ ዓመቱ ነበር። ቸኩሎ ዶሮውን በትኩሱ ለውሶ ከደነው፤ ሰላጣው ተበላሸ፤ አንድ ደንበኛ ሲያስመልሰው ዋለ። አባትየው የልጁን እጅ ይዞ ፍሪጁ አፍ ላይ አደረገና በሩን በሙሉ ጉልበቱ ዘጋበት። ልጁ ሲጮህ ደገመው። እናትየው ልትገላግል ስትገባ በጥፊ ብሎ ከግድግዳው ጋር አላተማት። ልጅቷ ያኔ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነበር፤ ጠረጴዛ ሥር ተደብቃ አጥንት ሲሰበር ሰማች። ወንድሟ በዚያው ሳምንት ከቤት ወጣ። የተመለሰው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ለቀብር ነው።

«የሠራውን ሁሉ ነው የምደፋው! ፍሪጁንም አደቀዋለሁ!» አለ ወንድሟ አሁን፣ ስብርባሪውን እየረገጠ።

«ወንድምዬ፣ በእማዬ ሞት!»

«እማዬማ ለምዳዋለች!»

እሷ ለፍሪጁ አልሳሳችም። አባቷ ካረፈ ወዲህ ፈጣሪን የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚህ ቤት ሁለተኛ እጅ እንዳይነሳ።

ክንዷን ጨምድዶ ጎተታት። የፍሪጁን እጀታ ሙጭጭ አለች። እጁን አነሳ። ልክ እንደ አባቱ፣ ከትከሻው በላይ፣ መዳፉን ዘርግቶ። ራሷን በክርኗ ሸፈነች።

እናትየው በሩ ጋ ደርሳ ነበር። ማንም አልነካትም። ግን እሷም ራሷን በክርኗ ሸፈነች።

«እማዬ…» አለ። እጁን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። «እማዬ፣ እኔ እኮ ነኝ።»

እናትየው ክርኗን አላወረደችም።

«አባዬ ሞተ ብለን ነበር» አለች እህቱ። ፍሪጁን ከፍታ ከሁለቱ ዕቃዎች አንዱን አወጣችና ደረቱ ላይ ለጠፈችለት። «እንካ፣ ድፋው! ያንተው ነው። ያለ ሽንኩርት።»

«ምን?»

«በሠራ ቁጥር አንዱን ያለ ሽንኩርት ያደርገዋል። እዚህ ቤት ካንተ ሌላ ሽንኩርት የማይበላ ማን አለ?»

«ማን ይበላው ነበር ታዲያ?»

«ማንም። በአራተኛው ቀን ራሱ ይደፋዋል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ።»

«ስልክ አልነበረውም?»

«ነበረው።»

«ታዲያ!» ብሎ ጮኸ። እንባው ግን ቀደመው። «አንድ ቀን ደውሎ አጠፋሁ ቢለኝ ምን ነበረበት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ!» አለች። በእነዚያ ጣቶች ምክንያት አባቷን ጠልታዋለች። ከሰኞ ጀምሮ ግን ጆሮዋ ፉጨቱን ይጠብቃል፤ በዚህም ራሷን ጠልታለች።

እናትየው ቀስ ብላ ክንዷን አወረደች። ጎንበስ ብላ ስብርባሪውን መልቀም ጀመረች።

ወንድሟ ክዳኑን ከፈተ። ጣቱን ሊያጠቅስ ሲል አንጓውን ያዘችው።

«ሐሙስ ነው ዛሬ።»

ክዳኑ ላይ በአባቱ ጽሑፍ «ሰኞ» ይላል። በጣቱ ቆጠረ። ከዚያ ሰላጣውን ጠርጎ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ደፋው፤ ዕቃውን አጠበና ፕላስተሩን ሳይነካ ክዳኑን መለሰበት።

ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ባዶውን ዕቃ ተቀብላው ወደ ቦታው፣ ወደ ውስጥ ገፋችው። ወንድሟ በሁለቱ ቆልማማ ጣቶች በሩን ያዘላት። እጇ እስኪወጣ ጠበቀ። ከወጣም በኋላ አንዴ ጎንበስ ብሎ ወደ ውስጥ አየ። ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ገጠመው።