ቢጫው በለስ

ቢጫው በለስ ፍሬውን መጣል የጀመረው በዘጠና አንድ፣ ሚያዝያ ላይ ነው። አውራ ጣት ሳያክል ይጠወልግና ጠብ ይላል። ጠዋት ስነሳ ግቢው ላይ ተበትኖ አገኘዋለሁ። ባለቤቴ አብዱራሕማን ከፈጅር ሶላት ሲመለስ በርጩማ አውጥቶ ዛፉ ስር ይቀመጥና የወደቀውን ያያል። አያነሳውም፤ እኔም እንዳነሳው አይፈልግም።

"ተይው ፈሂማ" ይለኛል። "የእኔ ነው።"

ቤታችን ጉርድ ሾላ ነው፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ። አብዱራሕማን ሰላሳ ዓመት የአሰብን መንገድ በከባድ መኪና ተመላልሶበታል። ሌላው ሾፌር ከአሰብ ጨርቅና ራዲዮ ሲያመጣ፣ እሱ በእርጥብ ጆንያ የተጠቀለለ ቅርንጫፍ ታቅፎ ይመጣል። ልጆቹ ይስቁበት ነበር። ጥቁሩን በለስ የሰጠው ከየመን በጀልባ የመጣ ነጋዴ ነው። አረንጓዴውን፣ ውስጡ እንደ ሥጋ የቀላውን፣ አሰብ ከቀረ አንድ ሽማግሌ ጣልያን ግቢ ቆረጠ። ቢጫውን የሰጠው የቱርክ መርከብ ላይ ምግብ የሚሠራ ሰውዬ ነው። ጌታዬ በቁርኣን የማለበት ፍሬ ነው ብዬ ዝም አልኩ እንጂ፣ ለጎመን የሚሆን መሬት እንኳ አላስተረፈልኝም።

ፍሬው ሲደርስ ዓርብ ከጁምዓ መልስ ጎረቤት ሰብስቦ ያስቀምሳል። በሰንጢ አራት ቦታ ይከፍለውና ሳህን ላይ ይደረድረዋል።

"ጥቁሩ እንደ ተምር ነው፣ ሆድ ይይዛል። አረንጓዴው መጀመሪያ ያዝ ያደርግሃል፣ ቆይቶ ነው የሚጣፍጠው። ለቢጫው ግን አፍህን ተጉመጥምጠህ ና።"

"አንተ ሰውዬ፣ ለበለስም ውዱእ ልታስደርገን ነው?" ይለዋል ኢሳ፣ ሾላ ገበያ በርበሬ የሚሸጠው ወዳጁ።

ቢጫውን ሲቀምስ ግን ኢሳም ቀልዱን ይተዋል። ማር ነው፤ ዘሩ ከጥርስ ስር ቀጭ ቀጭ ይላል። እኔ ሦስቱንም እወዳለሁ፣ አልሀምዱሊላህ፣ ቢጫው ግን ሌላ ነው።

ግቢው ጥግ ላይ ደግሞ የዱር በለስ ነበረ። እኛ ስንገባም ነበረ፤ ማን እንደተከለው አናውቅም። ፍሬው እንደ ገለባ ደረቅ ነው፣ አይበላም። ስትሰነጥቂው ደቃቅ ትንኝ ብን ብሎ ይወጣል። ያሰጣሁት ነጠላ ላይ እየሰፈረ ስንቴ አበሳጭቶኛል። ላስቆርጠው ስል አብዱራሕማን "ምን አደረገሽ? እሱም ፍጥረት ነው" እያለ ይከለክለኛል።

በዘጠና፣ ሚያዝያ ላይ፣ የመጨረሻ ልጃችን የሀጀር ኒካህ ደረሰ። ድንኳን ለመትከል ግቢው ጠበበ። አብዱራሕማን ዘመድ ሊያመጣ ደሴ ሄዷል። ከሦስቱ አንዱን ብነካ ልጄን ሳልድር ይፈታኛል ብዬ፣ የማይበላውን አስቆረጥኩ። የሠርጉን ሩዝም በእሱ እንጨት አበሰልኩበት። አብዱራሕማን ሲመለስ ጉቶውን አይቶ "ምነው ፈሂማ?" አለ። ቤቱ በእንግዳ ሞልቷል፣ ማን ይጣላል? በዚያው ተረሳ።

በወሩ ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ተነሳ። አብዱራሕማን አሰብ ነበር። በሰላም ቤቱ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ግን መኪና አልነካም። መንገዱም ተዘጋ። ስልሳ ስምንት ዓመቱ ነው፣ ቢያርፍ ምን አለበት ብዬ እኔ ጭራሽ ደስ ብሎኝ ነበር። ዓመት ሙሉ ምንም አልነገረኝም። የነገረኝ ፍሬው መርገፍ ሲጀምር ነው።

"ያን ጊዜ ከአሰብ ስወጣ መንገድ ላይ ሴት ነበረች" አለኝ። "ሁለት ልጅ ይዛለች። አንዱን አዝላዋለች። እጇን ዘረጋችልኝ።"

"እሺ?"

"ጋቢናዬ ባዶ ነበር ፈሂማ። ብቆም ሌላውም ይንጠላጠልብኛል ብዬ አለፍኳት። ያንን በረሃ ታውቂዋለሽ? ውሃ የለ፣ ጥላ የለ።"

"ሌላ ሰው ጭኗት ይሆናል።"

"ከኋላዬ መኪና አልነበረም።"

መሬት ላይ ያለችውን ፍሬ በጫማው ጫፍ ገፋ አደረጋት። "ሳይደርስ የሚረግፍ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልጆቹ ናቸው። አንዲት ብቻ ብትበስልልኝ፣ ጌታዬ ምሮኛል እላለሁ።"

ከዚያ ወዲያ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይነሳል። ሱሪው ወገቡ ላይ አልቆም አለ። ሐኪም ቤት እንሂድ ስለው ሐኪም ምን ያውቃል ይለኛል። ሀጀር መጥታ ብትለምነውም እንቢ አለ። እኔ ሌሊት በዱዓ፣ ቀን በውሃና በፍግ ያንን ዛፍ ለመንኩት። ፍሬው እንደሆነ ጠብ፣ ጠብ ይላል።

ጎረቤታችን ላጲሶ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው የሚሠራው። ጴንጤ ነው፣ ደግ ሰው። አንድ ቅዳሜ፣ አብዱራሕማን ለዙህር መስጊድ ሲሄድልኝ ጠብቄ ጠራሁት። ትል ከሆነ መድኃኒት ይነግረኛል ብዬ ነው። ከወደቀው አንዱን አንስቶ በጥፍሩ ሰነጠቀው። ውስጡ ባዶ፣ ደረቅ ነው።

"እትዬ ፈሂማ፣ እዚያ ጥግ የነበረው የዱር በለስ የት ሄደ?"

"ለሀጀር ሠርግ አስቆረጥኩት። በእሱ በበሰለው ሩዝ አንተም ሦስት ሳህን በልተሃል።"

አልሳቀም። "ወይ እትዬ ፈሂማ!" አለ። "ጥቁሩና አረንጓዴው ብቻቸውን ይበስላሉ። እንደዚህ ቢጫ ያለው ግን ከዱሩ የሚመጣው ትንኝ ገብቶ ካላዳቀለው ፍሬው አይዝም፣ ይረግፋል። ያ የማይበላው ዛፍ ነው ይሄንን ሲያበስለው የኖረው።"

በርጩማው ላይ ቁጭ አልኩ። "ሌላ ብተክልስ?"

"ቦሌ ቡልቡላ ወንዙ ዳር አይቻለሁ፣ ቅርንጫፍ አመጣልዎታለሁ። ግን ለፍሬ እስኪደርስ አራት አምስት ዓመት ነው። ከዚያም ትንኙ ፈልጎ ካገኘው ነው።" ዘወር ብሎ ቤቱን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ጋሼ በጣም ከስተዋል።"

አልዋሽም፣ ላጲሶ ሲወጣ ደስ አለኝ። ጥፋቱ የእኔ ነዋ! ይቆጣኝ፣ ይስደበኝ፣ ብቻ ያቺን ሴት ከዛፉ ላይ ያውርድልኝ። አብዱራሕማን ገና ከበር ሳይገባ ጀመርኩለት። ትንኙን፣ የዱሩን፣ ላጲሶ ያለውን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኩት። እስከ መጨረሻው ሰማኝ።

"መጥረቢያውን ማን አስያዘሽ?" አለኝ።

"እኔ ነኝ እያልኩህ! ለድንኳኑ ብዬ!"

"ቅጠል እንኳን ያለ ጌታ ፈቃድ አይወድቅም እያልሽ ልጆቹን ያሳደግሽው አንቺ አይደለሽም?"

"ነኝ። ግን እኮ ዛፉ የተቆረጠው ሚያዝያ ነው። አንተ ሴትየዋን ያለፍካት ግንቦት። ወላሂ፣ ገና ሳታጠፋ ይቀጣሃል?"

ቀና ብሎ አየኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

"እንደማልቆምላት አያውቅም ነበር?" አለኝ።

ያውቃል። ሁሉን ያውቃል ብዬ ነው የኖርኩት፤ አሁን ለባሌ ስል አያውቅም ልበል? እጄን አየሁት። መጥረቢያ የያዘው የቀን ሠራተኛው ቢሆንም ቁረጠው ያልኩት እኔ ነኝ። ሸክሙን ላወርድለት ሄጄ፣ የሚሸከመው ሁለት ሰው ሆነ።

ለአስር ሶላት ውዱእ አደረገ። ከሶላቱ በኋላ እጁን ዘርግቶ ብዙ ቆየ። ስሟን አያውቅም። "ያቺን መንገድ ላይ የቆመችውን" እያለ ነው የሚለምንላት። እኔም ከኋላው ሆኜ አሚን አልኩ።

ሰኔ ሲገባ ቅርንጫፉ ላይ አንድም አልቀረም። የመጨረሻዋ የወደቀች ቀን ምሳ አቀረብኩለት። አንድም ሳይጎርስ ጠግቤያለሁ አለኝ።